ዩኤክስ ዲዛይን ስንማር የምንሰራቸው ስህተቶች፦ ከአንድ የደሴ ዱቤ ደብተር የተማርኳቸው

ደሴ ፒያሳ አካባቢ አንዲት ጠባብ የልብስ ሱቅ አለች። ባለቤቷን እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። ከመደርደሪያው ስር ጠርዙ የተበላ ባለ መስመር ደብተር ያስቀምጣሉ። የዱቤ ደብተር ነው። አንድ ክረምት ላይ ከተማሪዬ ጋር ሆነን ያንን ደብተር የስልክ አፕ እናድርገው ብለን ተነሳን። እሷ ኮድ ትጽፋለች፣ እኔ ዲዛይን እሰራለሁ። በሁለት ሳምንት የሚያልቅ መስሎን ነበር። አራት ወር ፈጀ።

ከዚህ በታች የማነሳቸውን ስህተቶች አብዛኞቹን የሰራናቸው እዚያች ሱቅ ውስጥ ነው። የቀሩትን ቅዳሜ ቅዳሜ ከማስተምራቸው ልጆች ጋር አይቻቸዋለሁ። ብዙዎቹ ከወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ግቢ ሐረጎን ሽቅብ ወጥተው የሚመጡ ናቸው። ጎበዞች ናቸው። ግን ሁሉም ማለት ይቻላል አንድ ቦታ ላይ ይሰናከላሉ። እኔም የተሰናከልኩት እዚያው ነው።

ስለ ስሞቹ ትንሽ ልበል። ዩኤክስ የምንለው «ዩዘር ኤክስፒሪየንስ» የሚለውን በማሳጠር ነው። ሰው አንድን ነገር ሲጠቀም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚገጥመው ሁሉ ማለት ነው። የዲዛይን ተመራማሪው ዶን ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1993 አፕል ኩባንያ ሲገባ ይህን ቃል የስራ መደቡ ስም ውስጥ አስገባው፤ ከዚያ ወዲህ የሙያ ስም ሆነ። ኢንፎርሜሽን አርክቴክቸር ደግሞ መረጃን መደርደር፣ ስም ማውጣትና ወደሱ የሚያደርስ መንገድ ማበጀት ነው። ይህን ሀሳብ እ.ኤ.አ. በ1976 ይዞ ብቅ ያለው ሪቻርድ ሶል ወርማን በትምህርቱ የሕንፃ አርክቴክት ነው። ይህ ነገር ሁሌ ደስ ይለኛል። በር የት ይሁን፣ ደረጃው ወዴት ያውጣ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው መረጃም በርና ደረጃ እንደሚፈልግ ያየው።

ፊግማ ማወቅን ዲዛይን ማወቅ አድርጎ መውሰድ

አዲስ ተማሪ ሲመጣ «ምን ትችላለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። «ፊግማ እችላለሁ» ይላል። ጥሩ ነው። ፊግማ የአፕና የዌብሳይት መልክ የሚሳልበት ሶፍትዌር ነው፤ በነፃ ይጀመራል፣ ደካማ ላፕቶፕ ላይም በብራውዘር ይከፈታል። ለእኛ አገር ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ግን መርፌና ክር መያዝ ልብስ ሰፊ አያደርግም። ልብስ ሰፊ መጀመሪያ ሜትሩን አንስቶ ሰውየውን ይለካል።

የዱቤውን አፕ ስንጀምር እኛ ሰውየውን አልለካንም። ሦስት ቀን ሙሉ አረንጓዴው ይጥቆር ወይስ ይፍካ ስንከራከር ቆየን። የእትዬን ደብተር ገልጠን ያየነው ግን ከወር በኋላ ነው። ዛሬ ተማሪዎቼን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት ኮምፒውተር አላስከፍታቸውም። ወረቀትና እርሳስ ይዘው ወደ ሸዋ በር ሰፈር ወይም ወደ ሰኞ ገበያ ይሄዳሉ። አንድ ሻጭ እቃውን እንዴት እንደደረደረ፣ ገዢ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ፣ የት ላይ እንደሚደናገር ጽፈው ይመለሳሉ። አንዳንዶቹ መጀመሪያ ላይ ይከፋቸዋል። ጊዜ የሚባክን ይመስላቸዋል። እኔ በዚህ አልደራደርም።

«ቆንጆ ነው» የሚለውን እንደ መልስ መቀበል

ከሁሉም የሚብሰኝ ይህ ስህተት ነው፤ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የሰራነውን ይዘን ሄድን። እትዬ ቡና አፍልተው ጠበቁን። ስልኩን ሰጠናቸውና ተማሪዬ «እንዴት ነው እትዬ፣ ያምራል?» አለቻቸው። «ማሻአላህ! በጣም ቆንጆ ነው ልጆቼ። አላህ ይጨምርላችሁ» አሉን። ደስ ብሎን ወጣን። በሳምንቱ ስንመለስ አፑ አንዴም አልተከፈተም። ደብተሩ ላይ ግን አምስት ገጽ ተጨምሯል።

እትዬ አልዋሹንም። ቤታቸው ለመጣ ልጅ፣ ያውም ቡና አጠጥተው፣ «የሰራኸው ነገር አልገባኝም» የሚል የወሎ ሰው ከየት ይመጣል? ይሉኝታ ነው። ጥፋቱ የሳቸው አይደለም፣ የጥያቄያችን ነው። «ያምራል?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው አንድ ጨዋ መልስ ብቻ ነው ያለው።

ውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ «ተጠቃሚውን ሀሳቡን ጮክ ብሎ እንዲናገር አድርግ» ይባላል። እኛ ጋ ብቻውን አይበቃም። ለኔ የሰራልኝን ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ አስተያየት አትጠይቁ፣ ስራ ስጡ። «እንበልና ፋጡማ አሁን የ450 ብር ሻሽ በዱቤ ወሰደች። እስቲ ይመዝግቧት» በሉ። ከዚያ ዝም በሉ። ዝም ማለት ከባድ ነው። ተማሪዬ የእትዬ ጣት ስክሪኑ ላይ ሲንከራተት አላስችል ብሏት «እዚህ ጋ ይጫኑ» አለች። ያቺ ቅጽበት ጠፋች። ጣታቸው የት ሊሄድ ነበር? መቼም አናውቅም። አሁን ተማሪዎቼ ሙከራ ላይ ሲቀመጡ እጃቸውን ወደኋላ አድርገው ነው የሚይዙት።

ሁለተኛ፣ ያላለቀ ነገር ይዛችሁ ሂዱ። ባማረ ስክሪን ላይ ሰው አቃቂር ለማውጣት ያፍራል። ቀጣዩን ሙከራ በእርሳስ በተሳለ ወረቀት አደረግነው። እትዬ ስክርቢቶዬን ተቀበሉኝና «ይሄማ እዚህ መሆን የለበትም» ብለው ሰረዙት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዚያ በፊት በወር ያላገኘነውን አገኘን።

ሦስተኛ፣ እየተፈተነ ያለው ሰውየው እንዳልሆነ ቀድማችሁ ንገሩ። ትላልቅ ሰዎች ሲሳሳቱ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ያልተማርኩ ሰው» ይላሉ። ይህን ስሰማ ያመኛል። እትዬ 30 ዓመት የነገዱ ሰው ናቸው። ሂሳባቸውን በቃል የሚይዙ ሰው ናቸው። አፑ ካልገባቸው ያልተማረው አፑን የሰራው ሰው ነው፤ ይህንኑ በግልጽ ንገሯቸው።

ስንት ሰው ጋር ልሞክር ለሚል፣ የዩኤክስ ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 የጻፈው ስሌት አለ። 5 ሰው ወደ 85 በመቶ የሚሆነውን ችግር ያሳያችኋል ይላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ አንዴ 5 ሰው ጋር ሞክሮ ይዘጋዋል። የኒልሰን ሀሳብ ግን 5 ሰው ጋር ሞክር፣ አስተካክል፣ እንደገና ሌላ 5 ሰው ጋር ሞክር የሚል ነው። አምስቱም የዶርም ጓደኞቻችሁ ከሆኑ ደግሞ ስሌቱ አይሰራም። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ለሱቅ ነጋዴ ምስክር አይሆንም።

መረጃን በባለቤቱ ጭንቅላት መደርደር

አንድ የመስሪያ ቤት ዌብሳይት ክፈቱ። ሜኑው ላይ ዳይሬክቶሬት፣ የስራ ሂደት፣ ቡድን የሚሉ ስሞች ታያላችሁ። ሰውየው የፈለገው የልጁን የልደት ሰርተፊኬት ነው። የትኛው የስራ ሂደት ስር እንዳለ በምን ይወቅ? ድርጅቱ ራሱን የሚያይበትን ቻርት ነው ሜኑ ያደረገው። ተማሪዎችም ሳያውቁት ይህንኑ ይደግማሉ።

እኛም ደግመነዋል። የዱቤ ዝርዝሩን በስም ፊደል ተራ ደረደርነው። ከሀ እስከ ፐ። በእንግሊዝኛ አፖች ላይ የለመድነው እሱ ነዋ። የእትዬን ደብተር ስንገልጥ ግን ፊደል ተራ የሚባል ነገር የለም። «የሆጤዎቹ» የሚል ገጽ አለ። «የገራዶው ሹፌር» አለ፤ ሆጤና ገራዶ የቦታ ስሞች ናቸው። «የልጄ አስተማሪ» አለ። ፋጡማ የሚባሉ አምስት ደንበኞች አሏቸው፤ አንዷ «ረጅሟ ፋጡማ»፣ አንዷ በሰፈሯ ስም «የቧንቧ ውሃዋ ፋጡማ» ናቸው። የአባት ስማቸውን እትዬ አያውቁም፣ ማወቅም አይፈልጉም። እኛ ደግሞ የአባት ስም ካልተሞላ የማያስመዘግብ ፎርም ሰርተን ቁጭ ብለናል።

ወርማን መረጃ የሚደረደርባቸው መንገዶች አምስት ናቸው ይላል፦ በቦታ፣ በፊደል ተራ፣ በጊዜ፣ በዓይነትና በመጠን። እትዬ ስሙን ሰምተውት አያውቁም። ደብተራቸው ግን በቦታና በዓይነት ተደርድሮ ነበር። እኛ የመረጥንላቸው ከአምስቱ የማይጠቅማቸውን ነው። ደግሞ እናንተስ ራሳችሁ፣ ሳትዘፍኑ ከ«ደ» በፊት የትኛው ፊደል እንደሚመጣ ትነግሩኛላችሁ? «የ» ነው። ከሀ ጀምሮ ሳይወርድ ቶሎ የሚመልስ ተማሪ እስካሁን አልገጠመኝም። የአማርኛ ፊደል ተራ ለረጅም ዝርዝር ደካማ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሰው በጭንቅላቱ እንዴት እንደሚደረድር ለማወቅ ያለው መንገድ ርካሽ ነው። ካርድ ሶርቲንግ ይባላል። ከካርቶን ካርድ ትቆርጣላችሁ፣ በያንዳንዱ ላይ አንድ ነገር ትጽፋላችሁ፣ «አብረው ይሄዳሉ የሚሏቸውን አንድ ላይ ያድርጉና ስም ያውጡላቸው» ትላላችሁ። ኮምቦልቻ ውስጥ ለአንድ የሸቀጥ ሱቅ በስልክ ማዘዣ ስንሰራ 40 ካርድ ይዘን ገባን። ተማሪዎቹ ቀድመው የራሳቸውን ምድብ አዘጋጅተው ነበር፦ ጥራጥሬ፣ ቅመማ ቅመም፣ መጠጥ፣ የንጽህና እቃ። ንጹህና ሥርዓታማ ነበር።

የመጀመሪያዋ እናት ምስሩን፣ ሽሮውንና ዘይቱን አንድ ላይ አድርገው «የፆም» አሉት። ሁለተኛዋ ቴምሩን፣ የሾርባ እህሉንና የሳምቡሳ ሊጡን ሰብስበው «የማፍጠሪያ» አሉት። ሦስተኛዋ ሁሉንም ለሁለት ከፈሉት፦ «የወር አስቤዛ» እና «ልጅ ተልኮ የሚገዛ»። ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። የትኛዋ ናት ትክክል?

ሦስቱም ናቸው። የእንጨት መደርደሪያ ላይ አንድ ሽሮ አንድ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ስልክ ላይ ግን አንዱ ሽሮ በሦስት በር ሊገኝ ይችላል። ዋናውን ምድብ በዓይነት አደረግነው፤ ከላይ ግን «የፆም»፣ «የማፍጠሪያ» እና «የወር አስቤዛ» የሚሉ በሮች ከፈትን። «የበዓል እቃ» የሚለውን ምድብ ደግሞ አወጣነው። ኮምቦልቻ ላይ ቆሞ «በዓል» ብቻ ማለት የማንን በዓል ነው? ሁለቱም ጎረቤት ነው፣ ሁለቱም ደንበኛ ነው።

ካርዱን ካጠናቀቃችሁ በኋላ አንድ ነገር አትዝለሉ። ስክሪን ሳትስሉ የሜኑውን ቃላት ብቻ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ «በሶ የት ትፈልጊያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። ትሪ ቴስቲንግ ይሉታል። ሰው ሦስት ቦታ ፈልጎ ካጣው ችግሩ ስሙ ላይ ነው። ቀለም ስትቀይሩ ብትውሉ አይድንም።

ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ቁልፍ

እትዬ 450 ብር መመዝገብ ፈልገው 4500 ጻፉ። ሊያጠፉት ነኩት። አፑ «መሰረዝ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። ከስር ሁለት ቁልፍ አለ፦ «ሰርዝ» እና «እሺ»።

ቆም ብለው አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። «ልጄ፣ የትኛው ነው የሚሰርዘው?» አሉ።

እንግሊዝኛው ላይ «ካንስል» እና «ዲሊት» ሁለት ቃል ናቸው። አማርኛው ላይ ሁለቱንም «ሰርዝ» ብለን ተርጉመናል። መሰረዝን ሰርዝ! እኛ እንግሊዝኛውን ስለምናውቅ በአማርኛው ውስጥ አሳልፈን እንግሊዝኛውን ነው የምናነበው። እንግሊዝኛ የማያነብ ሰው ግን የተጻፈውን ነው የሚያነበው። «አስቀምጥ» የሚለውም እንዲሁ ነው። እትዬ «ምኑን ላስቀምጥ? ስልኩን?» ብለውኛል። በሳቸው አማርኛ የሚቀመጠው እቃ ነው፤ ዱቤ ይመዘገባል፣ ይጻፋል፣ ይያዛል።

ሌላም አለ። «ሰርዝ»፣ «ላክ»፣ «አስገባ» ሁሉም ወንድን፣ ያውም በ«አንተ» የሚያዙ ናቸው። በእናቴ እድሜ ያሉ ሴትዮን አፑ ቀኑን ሙሉ በአንተ ያዝዛቸዋል። እንግሊዝኛ ይህ ጣጣ የለበትም። አማርኛ ግን አለበት፤ ዲዛይነሩ ሳይወስን ሊያልፈው አይችልም። «ያስገቡ» ብሎ ማክበር አንድ መንገድ ነው። እኔ የምወደው ግን እትዬ ራሳቸው የሰጡንን ነው። «ታዲያ እንዲህ ማለት ነው እንጂ፦ ይጥፋ፣ ወይ ደግሞ ይቆይ» አሉን። «ዱቤው ይጥፋ?» ከስር «ይጥፋ» እና «ይቆይ»። ወንድም ሴትም አልሆነም፤ አንተም አንቱም አላለም፤ አጭር ነው፤ ማንም አይደናገርበትም። አራት ወር ውስጥ ከሰራነው ሁሉ ይህ ቁልፍ ይበልጥብኛል፤ የሰራነውም እኛ አይደለንም።

ስለዚህ የቁልፍ ቃላትን ከሌላ አፕ አትገልብጡ። ሰው ስራውን ሲሰራ የሚናገረውን አድምጡና ጻፉ። የሱቅ ቃል ለሱቅ፣ የመናኸሪያ ቃል ለመናኸሪያ።

ፊደላችን ኮምፒውተር ላይ እንዴት እንደሚኖር አለማወቅ

ዩኒኮድ ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ የቁጥር ዝርዝር ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። ለኮምፒውተር «ሀ» እና «ሐ» እንደ «በ» እና «ተ» የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ አንዱ ደንበኛ «ሀሰን» ተብሎ፣ ሌላው «ሐሰን» ተብሎ ከተመዘገበ፣ በፊደል ተራ ሲደረደሩ በመሃላቸው በ«ለ» የሚጀምር ሰው ሁሉ ይገባል። «ኀ» ደግሞ ጭራሽ ከ«ቸ» በኋላ ነው ያለው። ፍለጋ ላይ «አለም» ብሎ የጻፈ ሰው «ዓለም»ን አያገኝም። ሰውየው የጠፋ ይመስለዋል፣ እንደገና ይመዘግበዋል፣ ዱቤው ሁለት ቦታ ይበታተናል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ሰው የጻፈውን እንደጻፈው አሳዩት፤ ለፍለጋ ግን ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ከነዘራቸው እንደ አንድ ቁጠሩ፤ ድምፃቸው አንድ የሆነውን «ሀ»ና «ሃ»ን፣ «አ»ና «ኣ»ንም እንዲሁ። ይህን ለፕሮግራመሩ የሚነግረው ዲዛይነሩ ነው። ለውጭ አገር አፕ የተሰራ የፍለጋ ኮድ ይህን ያውቃል ብላችሁ አትመኑ። የአማርኛ ተጠቃሚ ያለው አፕ ይህን ሳያሟላ ወጥቶ ሳይ ያናድደኛል፤ የአንድ ቀን ስራ ነውና።

ፎርሙን እንዳለ መዋስ

ይህን በአጭሩ ልለፈው፤ ሁላችሁም ተሰቃይታችሁበታል። የቤተሰብ ስም የሚል ሳጥን ለእኛ አይሆንም። የአባት ስም ሌላ ነገር ነው። የስልክ ቁጥር በ09 ብቻ ይጀምር ብላችሁ ከቆለፋችሁ የሳፋሪኮም 07 ቁጥር ያለውን ሰው ከበር መለሳችሁት። ወር የሚያስመርጥ ሳጥን ላይ ጳጉሜን ከረሳችሁ በእነዚያ አምስት ወይም ስድስት ቀናት የተወለደ ሰው ሁሉ የልደት ቀን የለውም። «3 ሰዓት» ሲባል ጠዋት መሆኑን ደሴ ላይ ሁሉም ያውቃል፣ ስልኩ ግን አያውቅም።

እኛ የመክፈያ ቀን ብለን ባማረ ካሌንደር አስመረጥናቸው። እትዬ ቀን ሲመርጡ አላየሁም። ደብተሩ ላይ የሚጽፉት «ደሞዝ ሲወጣ» እና «ሰኞ ገበያ ሲውል» ነው። ካሌንደሩን አንስተን እነዚህን ሁለቱን ቁልፍ አደረግናቸው።

ሕግ ሸምድዶ ያለ ቦታው መጥቀስ

«ሜኑ ከ7 በላይ መሆን የለበትም፣ ሚለር ብሏል» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አለኝ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 የጻፈው ሰው ለአጭር ጊዜ በአእምሮው ስለሚይዘው ነገር ብዛት ነው። ሜኑ ግን ዓይን ፊት ነው ያለው፣ ማንም በቃሉ አይዘውም። ዘጠኝ ግልጽ ስም ከአምስት ድፍን ስም ይሻላል። ሕግ ስትማሩ ከየት እንደመጣና ስለምን እንደተባለ አብራችሁ ተማሩ።

በራስ ስልክ፣ በራስ ክፍል ብቻ መሞከር

ለተማሪዎቼ የምሰጠው አንድ የቤት ስራ አለ። የሰሩትን ስልክ ላይ ጭነው ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ ይወርዳሉ። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ጦሳ ስር ጉም ውስጥ ትጀምራላችሁ፣ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ፀሐዩ ስክሪኑን ነጭ ያደርገዋል። በመሃል ጠመዝማዛው ላይ ወገባችሁ ይወዛወዛል። ኔትወርክ ይሄዳል፣ ይመጣል። አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው ዘንቢል ጭናችሁ ላይ አርፏል፣ አንድ እጅ ብቻ ነው ያላችሁ። ሰው ስልክ የሚጠቀመው እንዲህ ሆኖ ነው።

ወርደው ሲደውሉልኝ ሁለት ነገር ይነግሩኛል። ጽሑፉ አይታይም፣ ቁልፉ አይያዝም። ለሁለቱም ቁጥር አላቸው። ዓለም አቀፉ የተደራሽነት መመሪያ ተራ ጽሑፍ ከጀርባው ጋር ቢያንስ 4.5 ለ 1 ንፅፅር (የድምቀት ልዩነት) ይኑረው ይላል። ተማሪ ሁሉ የሚወደው፣ በኮምፒውተር የቀለም ቁጥሩ 999999 የሆነው ግራጫ ነጭ ላይ 2.8 ለ 1 ገደማ ብቻ ነው። 767676 ላይ ስታደርሱት መስመሩን ያልፋል። ልዩነቱ ቢሮ ውስጥ አይታያችሁም፤ ኮምቦልቻ መናኸሪያ ላይ ይታያችኋል። ቁልፍን በተመለከተ ጎግል ለአንድሮይድ 48 በ48 ዲፒ (የስክሪን መለኪያ ነው) ይመክራል፤ በአካል 9 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የአማርኛ ፊደል ደግሞ ዝርዝሩ ብዙ ነው። «ጨ»ና «ጩ»ን፣ «ቀ»ና «ቁ»ን ለመለየት እንግሊዝኛው ከሚበቃው መጠን ትንሽ ከፍ አድርጉለት።

ፖርትፎሊዮን በታወቁ አፖች መልክ መሙላት

ስራ ልጠይቅ ነው ብሎ ፖርትፎሊዮውን፣ ማለትም የስራዎቹን ስብስብ፣ የሚያሳየኝ ሰው ብዙውን ጊዜ አንድ የታወቀ የባንክ ወይም የታክሲ አፕ አሳምሮ ስሎ ይመጣል። ማንንም አልጠየቀም። ለምን ያኛው ድርጅት እንደዚያ እንዳደረገ አያውቅም። ቀጣሪ አንድ ጥያቄ ሲጠይቀው ይንተባተባል። እዚሁ ሰፈር ያለ ፋርማሲ፣ ፀጉር ቤት፣ ወፍጮ ቤት ግን ችግሩ እውነተኛ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ በሩ ክፍት ነው። የመጀመሪያውን ስዕል፣ የወደቀበትን ምክንያትና የቀየራችሁትን አሳዩ። የወደቀውን አትደብቁ፤ ቀጣሪ ማየት የሚፈልገው እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። የዱቤ ደብተሩን ፎቶ ፖርትፎሊዮዬ ላይ ላደርግ ነበር፤ ያምራል፣ እውነተኛ ነው። ተማሪዬ ናት ያስቆመችኝ። ማን ስንት ብር እንዳለበት የሚናገር ገጽ የሰው ገመና ነው። ስሞቹን ቀይረን በእጃችን ሌላ ደብተር ጽፈን ፎቶ አነሳን።

አለቀ ብሎ መሄድ

በአራተኛው ወር እትዬ አፑን ራሳቸው ከፍተው መጠቀም ጀመሩ። ሰኞ ቀን ነበር፣ ሱቁ ሞልቷል። በግራ እጃቸው ጨርቅ ይዘው በቀኝ አውራ ጣታቸው ሦስት ቦታ ነኩና ረጅሟን ፋጡማን መዘገቡ። ቀና ብለውም አላዩን። ተማሪዬ እጄን ያዘችኝ። እኛ ጨርሰናል ብለን ልንሰናበት ተነሳን።

«ቆይ እስቲ» አሉን። ደብተሩን ከመደርደሪያው ስር አወጡ። አንድ አሮጌ ገጽ ገለጡ። ገጹ ሙሉ የተከፈለ ዱቤ ነው፤ እያንዳንዱ ላይ አንድ አንድ መስመር ተሰምሮበታል። «የናንተው ሲከፈል ብን ብሎ ይጠፋል። ማን ታማኝ እንደሆነ፣ ማን ቶሎ እንደሚከፍል በምን ልወቅ? እኔኮ ይቺን መስመር እያየሁ ነው የማበድረው።»

ለወራት ያንን ደብተር አይተነዋል። መስመሮቹን አይተናቸዋል። ያለቀለት ነገር መስለውን ነበር። ተማሪዬ እዚያው በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ ላፕቶፗን ከፈተች። የተከፈለ ዱቤ አሁን ስክሪኑ ላይ አይጠፋም፤ መስመር ተሰምሮበት ከስሙ ስር ይቆያል።